የኤአር ዓይነት ጠመንጃ መዝጊያና ተሸካሚ፦ አፈታት፣ ምርመራና አያያዝ

በኤአር-15 እና በኤም-16 ቤተሰብ ጠመንጃዎች ውስጥ ከፍተኛውን ጫና፣ ሙቀትና ጥላሸት የሚሸከሙት መዝጊያውና እሱን ይዞ የሚሄደው ተሸካሚ ናቸው። ጥይቱን ከካዝናው ገፍተው የሚያጎርሱት፣ ማጉረሻውን (ጥይቱ ለተኩስ የሚቀመጥበትን ክፍል) ቆልፈው የሚይዙት፣ ከተኩሱ በኋላም ቀለሁን ስበው የሚጥሉት እነሱ ስለሆኑ፣ ጠመንጃው በሥራ ላይ ሲያንቀው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚሁ ነው። ብዙ ባለ ጠመንጃ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ወልውሎ፣ ስንጥቅ ያለበትን መዝጊያ ሳያየው መልሶ ይገጥማል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጽዳቱ ይልቅ በምርመራው ላይ ይረዝማል፤ ጽዳት በዋናነት የሚያስፈልገው ብረቱ ራሱ እንዲታይ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት የክፍሉን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። ባሩዱ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ (ጥይቱ በሚያልፍበት ረጅም ቱቦ) ላይ ባለች ቀዳዳ ይወጣና በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በተሸካሚው ጀርባ ላይ በሁለት ብሎኖች በታሰረው የጋዝ መቀበያ በኩል ወደ ተሸካሚው ሆድ ይገባል። እዚያ በመዝጊያው ጅራትና በተሸካሚው ግድግዳ መካከል ሲሰፋ፣ በመዝጊያው ላይ የተጠለቁት ሦስት ቀጫጭን የጋዝ ቀለበቶች ወደ ፊት እንዳያመልጥ ይይዙታል፣ ተሸካሚውም ወደ ኋላ ይገፋል። ተሸካሚው ሲሸሽ በላዩ የተቀረጸው ጠማማ መስመር አዟሪውን ፒን ይዞ መዝጊያውን 22.5 ዲግሪ ያዞረዋል፤ በዚህች አጭር ዙር የመዝጊያው ጥርሶች ከአፈሙዙ መቆለፊያ ይላቀቃሉ። ትርፉ ጋዝ በተሸካሚው ቀኝ ጎን ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይወጣል። ይህን የተረዳ ሰው ጥላሸቱ የት እንደሚከማችና ብረት ከብረት ጋር የት እንደሚፋተግ አስቀድሞ መገመት አያቅተውም።

ከመፍታት በፊት

በመጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ። ከዚያ መቀባበያውን ወደ ኋላ ስበው መዝጊያውን ክፍት አድርገው ያቁሙትና ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንዎ አይተው፣ በጣትዎም ነክተው ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ መገለባበጥ የለበትም፤ ካዝናው ሳይወጣ መቀባበያውን ስቦ የለቀቀ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን አጉርሷል። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይመልከት፣ ጣትም ከቃታው ይራቅ። ጥይት በሥራ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ በክፍሉ ውስጥም ባይኖር ይመረጣል።

ትንንሽ ሞላዎች ድንገት ተስፈንጥረው ዓይን ስለሚመቱ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። የብዙ ጥይቶች ማቀጣጠያ (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል) የእርሳስ ውህድ ስላለበት ጥላሸቱ መርዛማ ነው፤ ጓንት ማጥለቅ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራት፣ በሥራው መካከል አለመብላትና አለማጨስ፣ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ቤንዚን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ትነቱ ከሩቅ ባለ እሳት ይያያዛል።

አፈታት

የላይኛውን አካል ከታችኛው አላቅቀው መቀባበያውን በከፊል ወደ ኋላ ሲስቡት ተሸካሚው ተከትሎ ይወጣል። በተሸካሚው ግራ ጎን የመርፌው፣ ማለትም ማቀጣጠያውን የሚመታው ቀጭን ብረት፣ ማቆሚያ አለ፤ ይህ ሁለት እግር ያለው ሽቦ መሳይ ፒን ነው። እሱን በቀጭን መግፊያ ገፍተው ያውጡትና ተሸካሚውን ኋላውን ወደ ታች አድርገው ሲይዙት መርፌው በራሱ ተንሸራቶ መዳፍዎ ላይ ይወድቃል። መርፌው ካልወረደ በጥላሸት ተይዟል ማለት ስለሆነ በመፍቻ ከመደብደብ ይልቅ ጥቂት የማጽጃ ፈሳሽ አንጠባጥበው ይጠብቁት።

ቀጥሎ መዝጊያውን ወደ ተሸካሚው ውስጥ ይግፉት፣ የአዟሪውን ፒን ራስ ሩብ ዙር አዙረው ወደ ላይ ይሳቡት፣ ከዚያ መዝጊያውን ወደ ፊት ጎትተው ያውጡ። ቀለሁን ከማጉረሻው የሚስበው ሳቢው ጥፍር በመዝጊያው ላይ የተያዘው በአንዲት ትንሽ ፒን ነው፤ ጥፍሩን በአውራ ጣት ተጭነው ሞላውን ካላሉት በኋላ ፒኑን በመርፌው ጫፍ ቀስ ብለው መግፋት ይቻላል። የጥፍሩ ሞላ በጥፍሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሞላው በውስጡ የያዛትን ትንሽ ጎማም ሆነ ሞላውን ራሱን ነቅለው አያውጡ። የተሳበውን ቀለህ ወደ ውጭ የሚወረውረውን አስፈንጣሪ መፍታት መያዣና ልክ ያለው መግፊያ ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ቢተው ይሻላል፤ የጋዝ መቀበያውም አይፈታም። የወጣውን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ በወጣበት ቅደም ተከተል መደርደር በኋላ ብዙ ፍለጋን ያስቀራል።

ጽዳት

የሚያስፈልገው ቀላል ነው፦ የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ፣ የናይሎንና የነሐስ ብሩሽ፣ የጥጥ እንጨቶች፣ ንጹሕ ጨርቅ። የአሸዋ ወረቀት፣ የብረት ፍቆ ማውጫና በማሽን የሚዞር የሽቦ ብሩሽ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ናቸው፤ ጥላሸቱን ሲያነሱ የብረቱን መከላከያ ሽፋን፣ አልፎም ልኩን ይወስዳሉ። ሽፋኑ ኒኬል ከሆነ አሞኒያ ያለበትን የመዳብ ማሟሟያ ማራቅ ይገባል።

ፈሳሹን ከቀቡ በኋላ ጊዜ ይስጡት። ደረቅ ጥላሸትን በጉልበት ከማሸት ይልቅ ሩብ ሰዓት አርሶ መተው ሥራውን በግማሽ ይቀንሰዋል። የመዝጊያውን ፊት፣ በጥርሶቹ መካከል ያሉትን ማዕዘኖች፣ የጥፍሩን መቀመጫና የጥፍሩን ውስጣዊ ከንፈር በናይሎን ብሩሽ ይጥረጉ። የተሸካሚውን ሆድ በጥጥ እንጨትና በጨርቅ ያጽዱ፤ የጋዝ መቀበያውን አፍ ደግሞ በቀጭን የቧንቧ ማጽጃ ይጥረጉና የጥጥ ክር ውስጡ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። አስፈንጣሪው ሳይፈታ የሚጸዳበት ዘዴ አለ፦ ጥቂት ፈሳሽ በዙሪያው አንጠባጥበው፣ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ በመዝጊያው ፊት ላይ ከጥፍሩ ስር አስይዘው እየገፉና እየለቀቁ ደጋግመው ያንቀሳቅሱት። ከናስ ቀለህ የተላጠ ብናኝ ካለ ከፈሳሹ ጋር ሲወጣ ይታያል።

በመዝጊያው ጅራት ላይ፣ ከቀለበቶቹ በስተኋላ፣ ጠንካራ የካርቦን ቅርፊት ይጋገራል። ሰዎች ብዙ ድካም የሚያፈሱበት እዚህ ነው፤ በእኔ ግምት ግን የሚለፋበትን ያህል ጥቅም የለውም። በብሩሽና በፈሳሽ የሚነሳው ይነሳ፣ ስስ ሆኖ የቀረው ጥቁረት ይቆይ። በአንጻሩ ከቀለበቶቹ ጎድጓዳ መስመር ውስጥና ከመርፌው አንገት ላይ ያለው ጥላሸት እንቅስቃሴን ስለሚያግድ መነሳት አለበት።

አሮጌ ወታደራዊ ጥይት የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለበት። የቀድሞዎቹ ማቀጣጠያዎች ፖታሲየም ክሎሬት ስለያዙ ከተኩስ በኋላ ጨው ይተዋሉ፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ስቦ ብረት ያዝጋል፣ በዘይትም አይሟሟም። በዚህ ጊዜ ክፍሎቹን በቅድሚያ በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ ፈጽሞ አድርቆ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት ግድ ነው።

ጠመንጃው ጽዳት አይፈልግም የሚለው አስተሳሰብ ዋጋ ያስከፈለበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤም-16 በቬትናም ለነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሲታደል በቂ የመወልወያ ዕቃና ሥልጠና አብሮ አልተሰጠም ነበር፤ በዚያ ላይ የባሩዱ ዓይነት ተለውጦ ነበር፣ የማጉረሻው ውስጥም ክሮም አልተለበጠም። ጠመንጃዎቹ በውጊያ መካከል ቀለህ ይዘው እየቆሙ ብዙ ቅሬታ ተነሳ፤ ጉዳዩም በ1967 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እስከመመርመር ደረሰ። በኋላ ማጉረሻው ክሮም ተለበጠ፣ የመወልወያ ዕቃም ከጠመንጃው ጋር መታደል ጀመረ።

ምርመራ

አሁን ብረቱ ደረቅና ንጹሕ ስለሆነ በደማቅ ብርሃን ስር፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመርመሩ። ብርሃኑን ከፊት ለፊት ከማብራት ይልቅ ከጎን አዘንብሎ ማብራት ስንጥቅን በጥላው ያጋልጣል። አንድ ዘዴ ልጨምር፦ መዝጊያውን በቀጭን ዘይት ነክረው ፊቱን በደንብ ካደረቁት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ ስንጥቅ ካለ የያዘውን ዘይት መልሶ ስለሚተፋው ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል።

ከሁሉ በፊት የሚታዩት ጥርሶቹ ናቸው። መዝጊያው ሰባት የመቆለፊያ ጥርሶች አሉት፤ የስምንተኛውን ቦታ ሳቢው ጥፍር ይዞታል። ጥፍሩ ጫና ስለማይሸከም ከግራና ከቀኙ ያሉት ሁለት ጥርሶች ከድርሻቸው በላይ ይጫናሉ፣ ለጥፍሩ መቀመጫ ሲባል ከጎናቸው ብረት ስለተቆረጠም ከሌሎቹ ይልቅ የሚሰነጠቁት እነሱ ናቸው። የእያንዳንዱን ጥርስ ሥር፣ ማለትም ከመዝጊያው አካል ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን፣ በመነጽሩ ይከታተሉ። የተሰበረ፣ የተሸረፈ ወይም በሥሩ ስንጥቅ የታየበት ጥርስ ያለው መዝጊያ ከአገልግሎት ይወጣል፤ «ለጊዜው ይሥራ» የሚባልበት መንገድ የለም፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ተኩስ ጫና በቀሩት ጥርሶች ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ደካማ ቦታ አዟሪው ፒን የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። መዝጊያው በዚህ ቦታ የሚቀረው ብረት ስስ ስለሆነ ለሁለት የሚከፈለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የቀዳዳውን ከንፈር በሁለቱም ወገን ይመልከቱ፤ ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ዙሪያው የሚሄድ ማንኛውም መስመር ጥርጣሬ ነው። ጭረትን ከስንጥቅ ለመለየት የጣትዎን ጥፍር ጫፍ በላዩ ያንሸራትቱ፤ ካልተለየዎት መዝጊያውን ማግኔታዊ ምርመራ ለሚያደርግ ባለሙያ ይስጡት። በዚህ ምርመራ ብረቱ ማግኔት ተደርጎ የብረት ብናኝ ሲፈስበት ብናኙ በስንጥቁ ላይ ይሰበሰባል። አዲስ መዝጊያ ከፋብሪካ ሲወጣ ይህን ምርመራ ያለፈ መሆኑ ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ምልክቱ ስለተወለደበት ቀን እንጂ ስለዛሬው ሁኔታ አይናገርም።

የመዝጊያው ፊት ላይ ጋዝ የበላቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ሊታዩ ይችላሉ። ተበታትነው አንድ አንድ ብለው ከታዩ አያሳስቡም፣ ከፋብሪካ የቀረ የመቁረጫ ክብ ምልክትም ጉዳት አይደለም። ጉድጓዶቹ ተያይዘው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቦታ ከሸፈኑ መዝጊያው ይለወጣል። ወደ መርፌው ቀዳዳ የገቡ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው መስፋት አለመስፋቱ በመለኪያ መታየት አለበት።

መርፌው ቀጥ ያለ፣ ጫፉም ለስላሳና ክብ መሆን ይገባዋል። ከተበሳ ማቀጣጠያ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝ የጫፉን ብረት ይቆርጠዋል፤ ጫፉ ሲሾልና ሲቦረቦር እሱ ራሱ ማቀጣጠያ መብሳት ይጀምራል፣ ጉዳቱም እየተባባሰ ይሄዳል። መርፌው ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ሲገፋ ከመዝጊያው ፊት የሚወጣው ልክ ከ0.71 እስከ 0.91 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጥይቱ ላይነሳ ይችላል፣ ከበለጠ ማቀጣጠያውን ሊበሳ ይችላል። መርፌ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ በሞረድ አስተካክሎ መጠቀም አያዋጣም።

ሳቢው ጥፍር ቀለሁን የሚይዝበት ከንፈር ስለታም ማዕዘን ሊኖረው ይገባል፤ ከተሸረፈ ወይም ከተጠጋጋ ቀለሁ በማጉረሻው ውስጥ ይቀራል። መልሰው ከገጠሙት በኋላ ባዶ ቀለህ ከጥፍሩ ስር ያስገቡና ያወዛውዙት፤ ጥፍሩ ቀለሁን አጥብቆ መያዝ አለበት፣ ሲጫኑትም ሞላው ጠንከር ብሎ መግፋት አለበት። የሞላው ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ከሞላው ጋር አብሮ ይቀየር። ቀለህ ማውጣት ላስቸገረ ጠመንጃ ከምንም በፊት የምቀይረው ይህን ሞላ ነው።

የጋዝ ቀለበቶቹን ለመፈተሽ ክፍሉን መልሰው ገጣጥመው መዝጊያውን ወደ ፊት ጎትተው ያስረዝሙት፣ ከዚያ በመዝጊያው ፊት ላይ በጠረጴዛ አቁሙት። ቀለበቶቹ ደህና ከሆኑ ተሸካሚው በመዝጊያው ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ ካረጁ በራሱ ክብደት ይንሸራተትና ይወርዳል። ይህን ፈተና ዘይት ከተቀባ በኋላ ማድረግ የውሸት ውጤት ስለሚሰጥ ደረቅ እንደሆነ ያድርጉት። ሲቀየሩ ሦስቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ። የቀለበቶቹ ክፍተት በአንድ መስመር እንዳይገጥም አለያይቶ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ በተኩስ ጊዜ ስለሚዞሩ ግን እንደ ትልቅ ጉዳይ አልቆጥረውም።

የጋዝ መቀበያውን በሁለት ጣት ይዘው ለማነቃነቅ ይሞክሩ፤ ጨርሶ መንቀሳቀስ የለበትም። የሁለቱን ብሎኖች ራስ ሲያዩ የመቀበያው ብረት በመዶሻ ተገፍቶ የብሎኖቹን ጠርዝ ነክሶ መያዝ አለበት። ንክሻው ከሌለ ወይም በብሎኑ ዙሪያ የጥላሸት ጭረት ከታየ ጋዝ እያመለጠ ነው፤ መፍትሔው በልክ ማጥበቅና እንደገና ማስነከስ ስለሆነ ዕቃው ላለው ባለሙያ ይቅረብ። የተሸካሚው ሆድ፣ የጠማማው መስመር ጠርዞችና የአዟሪው ፒን ጎኖች በአንድ እይታ ይታለፋሉ፤ ማበጥና መሸረፍ ከሌለ መልካም ነው። መብለጭለጭ ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ ብረቱ የሚሄድበትን መንገድ ያሳያል።

መዝጊያ ሲለወጥ ሊታለፍ የማይገባው ነገር፣ በተቆለፈ መዝጊያ ፊትና ጥይቱ በማጉረሻው ውስጥ በሚያርፍበት ቦታ መካከል ያለውን ልክ በመለኪያ ማረጋገጥ ነው። መዝጊያና አፈሙዝ አብረው ስለሚያረጁ ከአንድ ጠመንጃ የወጣን መዝጊያ ሳይለኩ ወደ ሌላው ማዘዋወር አደገኛ ነው። ብዙ ጠመንጃ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲወለወል ክፍሎች እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅም የዚሁ አካል ነው።

ዘይት

ይህ ጠመንጃ ደረቅ ሆኖ ከሚሠራ ቆሽሾም ዘይት ቢኖረው የተሻለ ይሠራል። ዘይት የሚፈልጉት የሚፋተጉት ቦታዎች ናቸው፦ በተሸካሚው ሥርና ጎን ያሉት ለስላሳ መንሸራተቻዎች፣ አዟሪው ፒንና መስመሩ፣ የጋዝ ቀለበቶቹ፣ የጥርሶቹ የኋላ ፊት። ጣት ላይ አንጸባርቆ የሚታይ ሽፋን ይበቃል። መርፌውና ቀዳዳው በዘይት ከታጠበ ጥላሸት ያቦካል፤ በዘይት ጨርቅ ማበስ ይበቃዋል። የመዝጊያው ፊት ደግሞ ከተኩስ በፊት ደርቆ መጠረግ አለበት። በጣም ብርድ በሆነ ቦታ ቀጭን ዘይት ይመረጣል፣ ወፍራም ቅባት በብርድ ይረጋል። አቧራ በሚበዛበት ቦታ ውጪውን አድርቆ ውስጡን ዘይት እንደያዘ መተው ተገቢ ነው።

መግጠምና መፈተን

የጥፍሩን ፒን መልሰው ካስገቡ በኋላ መዝጊያውን ጥፍሩ በጋዝ መውጫ ቀዳዳዎቹ ወገን፣ ማለትም በቀኝ በኩል እንዲሆን አድርገው ወደ ተሸካሚው ይክተቱት። አዟሪውን ፒን አስገብተው ሩብ ዙር ያዙሩት፤ መርፌውን ከኋላ ያስገቡ፤ በመጨረሻ የመርፌውን ማቆሚያ ከግራ ጎን ይግፉ። የማቆሚያው እግሮች እንዳሉ ይገባሉ እንጂ አይፈለቀቁም፤ የጠፋውንም በተራ ሽቦ ወይም በሚስማር መተካት አይቻልም። ክፍሉን የመዝጊያውን ፊት ወደ ላይ አድርገው ይያዙና ኋላውን በመዳፍዎ ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ መርፌው ከወደቀ ማቆሚያው ከመርፌው ከንፈር በስተኋላ አልገባም።

በዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ አደጋ አዟሪውን ፒን ረስቶ መግጠም ነው። ያለ እሱ መዝጊያው አይዞርም፣ አይቆለፍም፤ ጠመንጃው ግን ተገጣጥሞ ጥይት ሊያጎርስና ሳይቆለፍ ሊተኩስ ይችላል፣ ያ ደግሞ ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ይበትነዋል። ስለዚህ የላይኛውን አካል ከመዝጋትዎ በፊት መዝጊያውን በጣትዎ ወደ ፊት ስበው፣ መልሰው ገፍተው፣ ሲዞር በዓይንዎ ይዩት። መዝጊያው ወደ ፊት እንደተሳበ ሳይሆን ተሸካሚው ወደ ቦታው አይገባም፤ እምቢ ካለ በጉልበት አይግፉት።

ጠመንጃው ከተገጠመ በኋላ ባዶነቱን እንደገና አረጋግጠው ያቀባብሉ። መጠበቂያውን ዘግተው ቃታውን ሲስቡ መምቻው (መርፌውን የሚመታው ክፍል) መውደቅ የለበትም፤ መጠበቂያውን ከፍተው ሲስቡ መውደቅ አለበት። ቃታውን ሳይለቁ መልሰው ያቀባብሉ፣ ከዚያ ቃታውን ቀስ ብለው ሲለቁ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ መምቻውም እንደተያዘ ይቆያል። ከዚህ የተለየ ነገር ካዩ ጠመንጃው ወደ ተኩስ አይሂድ። ማጉረስና ማውጣቱ ባሩድም ማቀጣጠያም በሌለው የመለማመጃ ጥይት ይሞከራል።

በተኩስ ቦታ የመጨረሻው ፈተና አንድ ጥይት ብቻ በካዝና አስገብቶ መተኮስ ነው። ቀለሁ በቀኝ በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ወድቆ መዝጊያው በባዶው ካዝና ላይ ተከፍቶ ከቆመ ጋዙ በቂ ነው። ካልቆመ መጀመሪያ ካዝናውን በሌላ ይቀይሩ፤ ችግሩ ከቀጠለ የዘይቱን መጠን፣ ቀለበቶቹን፣ ከዚያ የጋዝ መቀበያውን ብሎኖች በዚህ ቅደም ተከተል ይመልከቱ። የተተኮሰውን የጥይት ብዛትና የተቀየረውን ዕቃ በማስታወሻ መያዝ የሚቀጥለውን ምርመራ ያሳጥራል፤ ቀለበትና የጥፍር ሞላ መቼ እንደተለወጡ በግምት ማስታወስ አይቻልምና።